የቅዳሜው የሥዕል ኮርስ ለሙያ ልጆቻችን

የብየዳ አስተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ከ11ኛና 12ኛ ክፍል የብየዳ፣ የእንጨት ሥራና የስፌት ተማሪዎቻችን 14ቱን ይዤ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ሥዕል ማሠልጠኛ ለሦስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተመላለስኩ። የምነቅፈውም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ብዙ መምህራንና ወላጆች «እንዴት ነው?» እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ።

አጀማመሩን አልወደድኩትም። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ የሰው ፎቶ በካሬ በካሬ እየከፈሉ መገልበጥ ብቻ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ላሜራ ሲቆርጥና እንጨት ሲልግ የከረመ ልጅ እዚያ ተቀምጦ የማያውቀውን ሰው አፍንጫ ሲያጠቁር ማየት ያሳዝናል። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ «ቲቸር፣ ይሄ ለኛ ሥራ ምን ያደርጋል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ለአሠልጣኙ ሄጄ ነገርኩት፤ ቅር ሳይለው ሰማኝ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

በአራተኛው ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ጀበናና በርጩማ ጠበቁን። ኮርሱ ለኔ የጀመረው ያን ቀን ነው። ሁሉም የጀበናውን መቀመጫ ቀጥ ባለ መስመር ዘጉት። ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ጠፍጣፋ መሆኑን ስለሚያውቁ። አሠልጣኙ አንድ የብረት ቀለበት አንስቶ ዓይናቸው ትክክል ላይ ያዘው፣ መስመር ሆነ። ቀስ እያለ ወደ ታች ሲያወርደው እየተከፈተ ክብ ሆነ። የጀበናው መቀመጫም ከዓይን በታች ስለሆነ ጎበጥ ብሎ ነው የሚታየው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀለበት ሲያጥፉ የኖሩ ልጆች ናቸው እኮ፣ እንዲህ አስተውለው ግን አያውቁም።

ከሁሉም የማልረሳው ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሄድንበት ቀን ነው። እዚያ ያሉትን መስቀሎች አይታችኋል? አሠልጣኙ «ብረቱን አትሳሉ፣ ክፍት ቦታዎቹን ብቻ ሳሉ» አላቸው። መጀመሪያ ግራ ገባቸው። በኋላ አንዱ የብየዳ ተማሪዬ ክፍተቶቹን አንድ በአንድ 2ቢ በሚባለው ለስላሳ እርሳስ አጠቁሮ ሲጨርስ፣ መስቀሉ መሃል ላይ ነጭ ሆኖ ብቅ አለ። ልጁ ደብተሩን ራቅ አድርጎ ይዞ ዝም ብሎ አየው። በሳምንቱ ወርክሾፕ ውስጥ ወለሉ ላይ በጠመኔ የግቢ በር ሲነድፍ አገኘሁት፤ እንደ ወትሮው ብረቱን በሜትር እኩል እያካፈለ ሳይሆን ክፍተቶቹን እያየ፣ እያጠፋ፣ እንደገና እየሳለ። በር ማለት ግማሹ ክፍተት ነው። ይህን 11 ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን በዚህ መልክ ነግሬያቸው አላውቅም።

ለእንጨት ሥራ ልጆች ደግሞ አሠልጣኙ የአክሱምን ሐውልቶች ፎቶ አምጥቶ ነበር። ድንጋዩ ላይ በር፣ መስኮት፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው የወጣ ወጣ ያለ የአግዳሚ እንጨት ጫፍ ሳይቀር ተቀርጿል። ድንጋይ ጠራቢው የአናጺውን ሥራ ነው የቀረጸው! ልጆቹ አግዳሚው የት ጋ እንደሚያልፍ እየተከራከሩ ሳሉት።

የስፌት ሴቶች ልጆች ግን ተበድለዋል። ለነሱ የተሰጠው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። ወንበር ላይ ነጠላ ተጥሎላቸው እጥፋቱን ሳሉ፣ ከየት ተይዞ ወደየት እንደሚወድቅ በቀስት እያመለከቱ። ግሩም ትምህርት ነበር፣ በቃ ግን እዚያው ቆመ። ወረቀት የሚደገፍበት የመሳያ ቦርዱም 9 ብቻ ስለሆነ አምስት ልጅ ጉልበቱ ላይ ነው የሚስለው። ወረቀት ለብቻ ያስከፍላሉ፣ ይህን ሲመዘግቡን አልነገሩንም።

ቦታው ግን ጥሩ ነው፤ መስኮቱ ሰፊ፣ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ይገባል፣ ጥላ ለመማር ይመቻል። አሠልጣኙ የልጅ እርሳስ ቀምቶ አያርምም፣ ራሱ ሌላ ወረቀት ላይ ያሳያል። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሙያ ተማሪ የምትልኩ ከሆነ ላኩ፣ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ልጆቹ በየቀኑ የሚነኩት ዕቃ ጠረጴዛው ላይ እንደሚቀርብ ተነጋገሩ። እኔ ለቀጣዩ ዙር ስድስት የስፌት ልጆች አስመዝግቤያለሁ። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ነጠላው ወንበር ላይ እንዲሆን አሠልጣኙን ቃል አስገብቼዋለሁ፣ ወረቀቱንም ከመርካቶ ራሴ እገዛለሁ።