ሰፊ ኢንክጄት ፕሪንተር ለስክሪን ፕሪንት ፊልም፦ ከወራት ሥራ በኋላ ያየሁት

ስክሪን ፕሪንት ፍሬም ላይ በተወጠረ ጨርቅ (ስክሪን) በኩል ቀለም እያሳለፉ ማተም ነው፤ ፊልሙ ደግሞ ሥዕሉ በጥቁር የሚታተምበት ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ተደርጎ ሲበራበት ጥቁሩ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ ሥዕሉም ስክሪኑ ላይ ይቀረጻል። ለስክሪን ፕሪንት ፊልም ማውጫ የሚሆን ሰፊ ፕሪንተር የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በሁለት ቁጥሮች ላይ ነው፤ በወረቀቱ ስፋትና በአንድ ኢንች ውስጥ በሚያትመው የነጥብ ብዛት። እኔ ለወራት በየቀኑ ማለት ይቻላል ፊልም ካወጣሁበት በኋላ የምለው ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ፕሪንተር የሚመዘነው በጥቁሩ ነው፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን ፊልም በመጀመሪያው ልክ ለማውጣት በመቻሉ። ስፋትና የነጥብ ብዛት ከእነዚህ በኋላ ይምጡ።

የያዝኩት ባለ 13 ኢንች የፎቶ ፕሪንተር ነው። ኤ3 ፕላስ የሚባለውን 329 በ483 ሚሊሜትር ሉህ ይቀበላል፤ ስድስት የቀለም ታንክ አለው፤ ሄዱ ቀለሙን የሚረጨው በሙቀት ሳይሆን በፒዬዞ (ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ቅርጹን በሚለውጥ ክሪስታል) ነው። ሞዴሎች በየጊዜው ስለሚለዋወጡ ስሙን ከመጥራት ይልቅ ዓይነቱን መግለጽ መርጫለሁ። የማነሳው ነገር በዚህ መደብ ያለን ማንኛውንም ፕሪንተር ይመለከታል።

ከዚህ በፊት ፊልም የማወጣው በሌዘር ፕሪንተር ነበር። ለትልልቅ ፊደልና ለአንድ ቀለም ሥራ ሌዘር አይከፋም። ነገር ግን ቶነሩ (የሌዘሩ የዱቄት ቀለም) ሰፊ ጥቁር ቦታ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ይተዋል፤ ማሽኑ ቶነሩን በሙቀት ስለሚያጣብቅም ፊልሙ በመጠኑ ተኮማትሮ ይወጣል። ለየቀለሙ አንድ አንድ ሆነው የሚወጡት የአንድ ሥራ አራት ፊልሞች አራት ዓይነት መጠን ይዘው ሲወጡ ቀለም ከቀለም ማገጣጠም አይታሰብም። ወደ ኢንክጄት የወሰደኝ ይኸው ነው።

ስለ ጥቁሩ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ስክሪን ላይ የሚቀባው ኢመልሽን (ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር፣ ያልነካው ቦታ በውሃ የሚታጠብ ሽፋን) የሚጠነክረው በዋናነት ከ350 እስከ 420 ናኖሜትር ባለው ብርሃን ነው፤ አብዛኛው ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ነው። ስለዚህ ፊልሙን ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ «ድፍን ጥቁር ነው» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። በእጅ እየተቆረጠ ለስክሪን የሚውለው ቀዩ ፊልም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ዓይን በቀላሉ አሻግሮ ያይበታል፤ ኢመልሽኑን የሚያጠነክረውን ብርሃን ግን አያሳልፍም። ተቃራኒውም አለ፤ ለዓይን ጥቁር የሆነ ቀለም ጨረሩን ሊያሾልክ ይችላል። የዚህ መለኪያ ዴንሲቲ ይባላል። ዴንሲቲው 2 ሲሆን ከብርሃኑ መቶኛው እጅ ያልፋል፤ 3 ሲሆን ሺኛው እጅ ብቻ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን አይለየውም፤ ኢመልሽኑ ግን ይለየዋል።

ዴንሲቶሜትር የሌለው ሰው የሚከተለውን ያድርግ። አንድ ድፍን ጥቁር ካሬ ፊልም ላይ ያትም። ኢመልሽን በተቀባ ስክሪን ላይ ካሬውንና ተመሳሳይ መጠን ያለው የአሉሚኒየም ፎይል ቁራጭ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ለሥራ በሚጠቀምበት ሙሉ ጊዜ ያብራው። ከዚያም ውሃ እያፈሰሰ ሁለቱን ቦታ ይመልከት። ፎይል ምንም ብርሃን ስለማያሳልፍ ከሥሩ ያለው ኢመልሽን ውሃ ሲነካው ለስልሶ ይለቃል። የፕሪንተሩ ጥቁር ከፎይሉ እኩል ከተከፈተ እዳው ገብስ ነው። ካልተከፈተ ጨረሩ በጥቁሩ ውስጥ እያለፈ ነው ማለት ነው።

በእኔ ፕሪንተር ላይ ይህን ሙከራ በሁለት መንገድ ሠርቻለሁ። የወረቀቱን ዓይነት «ተራ ወረቀት» ብዬ ያተምኩት ካሬ፣ የፎይሉ ቦታ ጥርት ብሎ ከተከፈተ በኋላም የሚያሟልጭ ስስ ሽፋን እንደያዘ ቆየ። የውሃውን ግፊት ከፍ ሳደርግ ለቀቀ፤ ግን ጠርዙን እየቦጨቀ ነበር። «የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት» በሚለው ምርጫና በከፍተኛው ጥራት ያተምኩት ካሬ ከፎይሉ ጋር አብሮ ተከፈተ። ፊልሙም መብራቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ምርጫ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በዚህ መደብ ያሉ ፕሪንተሮች ብዙ ጊዜ ሁለት ጥቁር ይይዛሉ፤ ለጽሑፍ የሚሆን የፒግመንት (በፈሳሹ ውስጥ ያልሟሟ ደቃቅ ዱቄት) ጥቁርና ለፎቶ የሚሆን የዳይ (በፈሳሹ የሟሟ ቀለም) ጥቁር። ተራ ወረቀት ሲባል ፒግመንቱን ያወጣል። ለጽሑፍ የተሠራው ፒግመንት ፊልም ላይ በደንብ አይሰርግም፤ ከላይ ተቀምጦ ይቀርና ጣት ሲነካው ይለቃል። የፎቶ ወረቀት ሲባል ግን የዳዩን ጥቁር ይጠቀማል፤ ዳይ በፊልሙ ሽፋን ላይ ወዳሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰርጎ ወዲያው ይደርቃል። በዚያ ላይ በፎቶ ምርጫ የሚወጣው የቀለም መጠን ይበዛል። ስለዚህ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሻጩን አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ጥቁሩ ዳይ ነው ወይስ ፒግመንት? ሁለቱም ካሉት በየትኛው ምርጫ የትኛው ይወጣል? ይህን የማይመልስ ሻጭ ስለ ነጥብ ብዛት የሚነግረው ሁሉ ለእኛ ሥራ አይረባም።

ቀለም ማብዛትም ወሰን አለው። ከመጠን ሲያልፍ ይስፋፋል፤ በጥቁር መደብ ላይ በባዶ የተተዉ ቀጫጭን ፊደሎች መጥበብ ይጀምራሉ። እኔ በጥቁር መካከል ባዶ መስመሮችን ከወፍራም እስከ ቀጭን ደርድሬ አትማለሁ፤ የቀለሙን መጠን የማቆመው ቀጭኑ መስመር ሳይደፈን የፎይሉን ፈተና የሚያልፍበት ላይ ነው።

ፊልሙን በተመለከተ አጭር ነገር። ለኢንክጄት የተሠራ፣ ሽፋን ያለው ፊልም ግድ ነው። ሽፋኑ ያለበትን ወገን ለማወቅ ጣትን አርጥቦ ጥግ ላይ መንካት ይበቃል፤ ያጣበቀው እሱ ነው። ሲበራም ቀለም ያለበት ወገን ኢመልሽኑን ይንካ። በተቃራኒው ከሆነ 100 ማይክሮን ያህል የፊልሙ ውፍረት በቀለሙና በኢመልሽኑ መካከል ይገባል፤ ብርሃንም በጎን እየገባ ቀጭኑን መስመር ይበላዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቁም ነገር ልምጣ፤ ፊልም ከፊልም መገጣጠሙ። ለፎቶ የተሠራ ፕሪንተር አንዱን ሥዕል ከሌላው በላይ በትክክል እንዲያስቀምጥ የሚጠይቀው የለም። እኛ ግን እንጠይቀዋለን። ፈተናው ቀላል ነው፤ በአራቱም ጥግ የመስቀል ምልክት ያለበትን አንድ ገጽ በተከታታይ በተለያዩ ፊልሞች ማተም፣ ከዚያ ከብርሃን ጠረጴዛ ላይ ደራርቦ አንዱን ጥግ ማገጣጠምና ተቃራኒውን ጥግ ማየት። በእኔ ፕሪንተር ወደ ጎን ያለው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ልዩነት የሚታየው ፊልሙ ወደፊት በሚሄድበት አቅጣጫ ነው፤ ፊልም ከወረቀት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ የሚስበው ጎማ አንዳንዴ ይንሸራተትበታል። ሁለት ነገሮች በጣም አሻሽለውታል። አንደኛው ፊልሙን ከፊት ካለው መሳቢያ ሳይሆን ከኋላ ባለው ቀጥ ያለ መግቢያ ማስገባት ነው፤ ከመሳቢያው ሲነሳ ተጠምዞ ስለሚያልፍ ይያዛል። ሁለተኛው ጎማዎቹን በየጊዜው ማጽዳት ነው። ስለዚህ የኋላ መግቢያ የሌለውን ፕሪንተር፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም፣ ለዚህ ሥራ አልመርጥም።

በመውጫው በኩል ያሉት ጥርሳም ትንንሽ ጎማዎችም ልብ ሊባሉ ይገባል። ቀለሙ ሳይደርቅ ከደረሱበት በጥቁሩ ላይ የተሰለፉ ነጠብጣብ ዱካዎች ይተዋሉ፤ ዓይን ባያስተውላቸውም ጨረሩ በእነሱ በኩል ይሾልካል። መድኃኒቱ በፍጥነት የሚደርቅ ፊልምና ዘገም ያለ የኅትመት ምርጫ ነው።

የነጥብ ብዛቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ለ230 ሜሽ (በአንድ ኢንች 230 ክር ያለው ጨርቅ) ስክሪን ከ45 እስከ 55 መስመር በኢንች የሆነ ሃፍቶን (ግራጫን በትልልቅና በትንንሽ ነጥቦች የማሳየት ዘዴ) ይበቃል። በአንድ ኢንች 1440 የፕሪንተር ነጥብን ለ55 ስናካፍል ለአንዱ የሃፍቶን ነጥብ በየአቅጣጫው 26 ያህል የፕሪንተር ነጥቦች ይደርሳሉ፤ ይህ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ከ1440 በላይ ያለው ቁጥር ለፎቶ እንጂ ለእኛ አይደለም። ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ፕሪንተሩ ብቻውን ሃፍቶን አለመሥራቱ ነው። ግራጫውን እጅግ ጥቃቅን በሆኑ የተበተኑ ጠብታዎች ያትመዋል፤ እነሱን ደግሞ የስክሪኑ ጨርቅ አይዛቸውም። ስለዚህ ወይ ሪፕ ሶፍትዌር (ሥዕሉን ወደ ነጥብ ቀይሮ ለፕሪንተሩ የሚያቀርብ ፕሮግራም) ያስፈልጋል፣ ወይ ሥዕሉን ፎቶሾፕ ውስጥ ቢትማፕ (ግራጫ የሌለው፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነ ምስል) አድርጎ ነጥቡን ራስ ማዘጋጀት። ዘወትር ባለብዙ ቀለም የሚሠራ ሰው በሪፕ ገንዘብ አይቆጥብ፤ የቀለሙን መጠን፣ የነጥቡን ቅርጽና ማዕዘኑን በአንድ ቦታ ይይዝለታል። አንድ ቀለም ለሚሠራ ግን ሁለተኛው መንገድ ይበቃል።

እንክብካቤው ከባድ አይደለም፤ መደበኛነት ግን ይፈልጋል። ፕሪንተሩ ሥራ ፈትቶ ከቆየ የሄዱ ቀዳዳዎች ይደርቃሉ። አንድ ቀዳዳ ሲዘጋ በጥቁሩ መካከል ፀጉር የመሰለ መስመር ይታያል፤ ያ መስመር ስክሪኑ ላይ ጠንክሮ ሸሚዙ ላይ ስንጥቅ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት የቀዳዳ ፍተሻ ገጽ አትማለሁ፤ ለፍተሻው ተራ ወረቀት ይበቃል። ጽዳቱ ቀለም ይበላል፤ የማንጠቀምባቸውን ባለቀለም ታንኮች ጭምር ይጎትታል፤ የሚወጣውም ቀለም የተረፈ ቀለም ማጠራቀሚያውን ይሞላል። በእኔ ፕሪንተር ማጠራቀሚያው በባለቤቱ የሚቀየር ነው፤ ይህ ሲገዙ መረጋገጥ አለበት። ታንኮቹን በሙሉ በጥቁር የሚሞሉ አሉ፤ ከሪፕ ጋር ሲሆን ጠንካራ ጥቁር ይሰጣል፤ ሥራ ፈት የሚሆን ቀዳዳም አይኖርም። እኔ ያላደረግሁት ለደንበኛ የማሳየውን ባለቀለም ናሙና የማትመው በዚሁ ፕሪንተር ስለሆነ ነው።

ስፋቱስ? 13 ኢንች ለተለመደው የቲሸርት ሥዕል ከነማገጣጠሚያ ምልክቱ በቂ ነው። ሥዕሉ ወደ 14 ወይም 16 ኢንች የሚሰፋ ከሆነ 17 ኢንች ያስፈልጋል፤ ሁለት ፊልም ቆርጦ ማያያዝ የመገጣጠሚያውን መስመር ስክሪኑ ላይ ያሳያልና። 24 ኢንች የሚጠቅመው ለፖስተርና ሙሉ ፍሬም ለሚይዝ ሥራ ነው። እሱ ፊልም የሚወስደው በአብዛኛው ከጥቅል ነው፤ ጥቅል ፊልም ደግሞ መጠቅለሉን ስለማይረሳ ጠርዙ ይነሳል። ስክሪኑን ከፊልሙ ጋር አጥብቆ የሚይዝ ቫኩም ያለው ማብሪያ (ስክሪኑ ላይ ብርሃን የሚያበራ መሣሪያ) የሌለው ሰው ወደ 24 ኢንች ከመሄዱ በፊት ማብሪያውን ይቀይር።