ቢሯችን ኔትወርክ የዘረጉልን ልጆች፦ ኬብሉ ጎበዝ፣ አይፒው ግን...

የኬብል ዝርጋታቸው ላይ ምንም አልልም። ንጹህ ሥራ ነው፣ በሰዓታቸውም ጨርሰዋል። አይፒ አድራሻው (እያንዳንዱ ኮምፒውተር በኔትወርክ የሚለይበት ቁጥር) ላይ ግን በጣም አናደዱኝ፤ ለውስጥ ኮምፒውተሮች በሙሉ 1.1.1.0/24ን፣ ማለትም በ1.1.1 የሚጀምሩትን አድራሻዎች ሰጡ። «ከፋየርዎል (ኔትወርኩን ከውጭ ከሚጠብቀው አጥር) ጀርባ ስለሆነ ማንም አያየውም» አሉኝ። ማንም ባያየውም ጣጣው የኛው ነው! 1.1.1.1 በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ የክላውድፍሌር ኩባንያ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት) ነው፣ እኛ ግን ልንደርስበት አንችልም፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ እዚያው ቢሮ ያለ ማሽን እየመሰለው ጥያቄውን ወደ ውጭ አያወጣውም። ለውስጥ ኔትወርክ ተብለው የተለዩት እኮ 10.0.0.0/8፣ 172.16.0.0/12 እና 192.168.0.0/16 ናቸው፣ ያውም በነጻ። ቅዳሜዬን ሙሉ ሁሉንም ወደ 10.20.0.0/24 ሳዛውር ዋልኩ፤ ፕሪንተሩማ አበሳዬን አሳየኝ። ለኬብል ጥሯቸው። የአድራሻ ዕቅዱን ግን ሥራ ሳይጀምሩ በወረቀት አስጽፋችሁ እዩት።