ለጎልማሳ ጀማሪ አንባቢ መጽሐፍ የሚመርጥ መደብር፦ ደሴ፣ ፒያሳ

ደሴ ፒያሳ ላይ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኘው አነስተኛ የመጻሕፍት መደብር ከሌሎቹ የሚለየው በመጻሕፍቱ ብዛት ሳይሆን ሻጩ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ከማውረዱ በፊት ገዢውን ጠይቆ ስለሚረዳ ነው። ይህም በማታ ትምህርት ፊደል ለቆጠሩ ጎልማሶችና ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ጭምር ለሚመጡ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ትልቅ ጥቅም አለው።

ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች በደረጃ የተዘጋጁት የንባብ መጻሕፍት አብዛኞቹ ያገለገሉ ቢሆኑም ንጹሕ ናቸው። ኦክስፎርድ ቡክዎርምስ በተባሉት ተከታታይ መጻሕፍት አንደኛው ደረጃ 400፣ ሁለተኛው 700፣ ሦስተኛው 1000 መሠረታዊ ቃላት ይዞ የተጻፈ ነው፤ ሻጩ ግን በሽፋኑ ቁጥር ብቻ አይመራም። መጽሐፉን ከመሃል ገልጦ አንድ ገጽ በዝምታ እንዲያነቡና ያላወቁትን ቃል በጣት እንዲቆጥሩ ያደርጋል፤ አምስቱም ጣት ካለቀ ዝቅ ያለውን ደረጃ ያወርድልዎታል። ታሪክን ያለ መዝገበ ቃላት ተከትሎ ለመረዳት ከመቶ ቃል 98 ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልግ የዘርፉ ተመራማሪዎች ስለሚናገሩ፣ ገጹ ሁለት መቶ ቃል ገደማ ከያዘ አምስት ጣት ተቀራራቢ መለኪያ ነው፤ ለአጭር ገጽ ግን ሦስት ጣት ይበቃ ነበር።

ቅር ያሰኘኝ የተለያዩ አሳታሚዎች መጻሕፍት በሽፋን ቁጥራቸው ብቻ ተቀላቅለው መደርደራቸው ነው። ፔንጉዊን ሪደርስ የተባሉት የሌላ አሳታሚ ተከታታይ መጻሕፍት የቀድሞ ሦስተኛ ደረጃ 1200 ቃላት ስለነበረው ከቡክዎርምስ ሦስተኛ ጋር እኩል አይደለም፤ ሻጩ በሌለበት ሰዓት የሚገዛ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ከመጻሕፍቱም የአንዳንዶቹ ጽሑፍ ደብዝዟል።

የአማርኛው መደርደሪያ ሳስቶ ይታያል፤ ጥፋቱ ግን ከሻጩ ይልቅ የአሳታሚዎች ይመስለኛል። ለጎልማሳ ጀማሪ ተብሎ የሚገኘው በአብዛኛው የልጆች ተረት ወይም ስለ ወባና ስለ ማዳበሪያ የሚመክር ቀጭን መጽሔት ነው፤ ምክሩ ይጠቅማል እንጂ ቀጣዩን ገጽ አያስገልጥም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ ተምረው፣ በኋላ የሚያነቡት አጥተው የረሱ ሰዎች በአካባቢያችን አይጠፉም። አንዲት የሰኞ ገበያ ነጋዴ፣ የመደብሩ ረዳት ጅብና ጥንቸል የተሳሉበትን መጽሐፍ ሲያቀብላቸው፣ «ልጄ፣ ይህን ለልጅ ልጄ እወስድለታለሁ፤ ለእኔ የሰው ጉዳይ ያለበት ፈልግልኝ» አሉት። ሻጩ «እሺ እናቴ» ብሎ በውርስ ስለተጣሉ ወንድማማቾች የሚተርክ፣ ምዕራፎቹ አጫጭር፣ ንግግር የሚበዛበት መጽሐፍ አወረደላቸው፤ እሳቸውም እዚያው ቆመው የመጀመሪያውን ገጽ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጨረሱት።

ሻጩ ፊደሉ ደቀቅ ያለውንና፣ አንዳንድ አሮጌ ኅትመቶች ላይ እንደሚታየው፣ ቃሉ ያለ ምልክት ከመስመር ጫፍ ተቆርጦ ወደ ታች የሚወርድበትን መጽሐፍ ለጀማሪ አይሰጥም። እነ «ቋ» እና «ኳ»ን የመሳሰሉ ዲቃላ ፊደላት ገና ለሚያደናቅፉት ሰው ይህ ጥንቃቄ ቀላል አይደለም። ያልተስማማ መጽሐፍ ሳይቆሽሽ ከተመለሰም በሌላ ይለውጣል። ቅዳሜ ከሰዓት መደብሩ ስለሚጨናነቅ ሻጩን በእርጋታ ለማነጋገር የሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል።