ኦክስጅን የሚያሳጥረው ሳጥን፦ ከሁለት ዓመት በኋላ

ካንሰር የሚጠናበት ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ ሴል አሳድጋለሁ። ከዕቃዎቻችን ሁሉ የምሳሳለት፣ ሴሎች ኦክስጅን ሲያጥራቸው ምን እንደሚሆኑ የምናይበት አንድ ክብ፣ ወለል አድርጎ የሚያሳይ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ክዳኑ በብረት ቀለበት ይጠብቃል። ጋዝ በአንዱ ቱቦ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ኦክስጅኑን ራሱ የሚቆጣጠረውን ውድ ካቢኔ መግዛት ላልቻለ ላብ ትልቅ መፍትሔ ነው።

አጠቃቀሙ አያስቸግርም። ሴሎቹ የሚያድጉባቸውን ዝርግ የላብ ዕቃዎች (ዲሾች) ትደረድራላችሁ፤ እንዳይደርቁ ውሃ ያለበት ሰሃን ትጨምራላችሁ። ከዚያ 1 በመቶ ኦክስጅን፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የቀረው ናይትሮጅን የሆነ ጋዝ ለ5 ደቂቃ ያህል ትለቁበትና ቱቦዎቹን ትቆልፋላችሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ጋዙን ድገሙት። ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽና ፕላስቲኩ ይዘውት የቆዩት ኦክስጅን ቀስ እያለ ይወጣል። ይህን ባለማወቄ የሁለት ሳምንት ልፋቴ ገደል ገብቷል።

ሳጥኑን የወደድኩት በአንድ ጠዋት ነው። ውጭ ያደሩት ሴሎች ፈሳሻቸው ገና ቀላ እንዳለ ነው። የሳጥኑ ግን ቁርጥ ጠጅ መስሏል! ፈሳሹ ውስጥ ያለው ቀለም አሲድ ሲበዛበት ቢጫ ይሆናል፤ ያን ቢጫ ያመጣው ሴሎቹ ያወጡት ላክቲክ አሲድ ነው። ኦክስጅን ሲያጥር ሂፍ-1 የሚባለው ፕሮቲን ሳይፈርስ ይጠራቀማል። በእሱ ትእዛዝ ሴሉ ግሉኮስ የተባለውን ስኳር የሚያስገባባቸውን በሮች ያበዛል፤ በኦክስጅን ጉልበት ወደሚመነጭበት የሴሉ ክፍል፣ ወደ ሚቶኮንድሪያ፣ የሚወስደውን መንገድ ደግሞ ያጠባል። ከአንድ ግሉኮስ 30 ገደማ ኤቲፒ (ሴል ለጉልበት የሚጠቀምበት ሞለኪውል) ሊያወጣ ይችል የነበረ ሴል በ2 ብቻ ይተዳደራል። ስለዚህ ስኳር ላይ ይረባረባል። የ2019 የሕክምና ኖቤል የተሰጠው ሴል የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚያውቅ ለደረሱበት ሦስት ሰዎች ነው። አንብቤው ነበር፤ ዲሽ ላይ ሳየው ግን ልቤ መታ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የክዳኑ ጎማ በስምንተኛው ወር ላላ። የኦክስጅን መለኪያ አብሮት ስለማይመጣ ማፍሰሱን አላወቅንም። ለብቻ ገዝተን ስንለካ 1 በመቶ ያልነው 4 ሆኖ ተገኘ። መለኪያውን ከሳጥኑ ጋር አብራችሁ ግዙ፣ በኋላ አትበሉ።

ሌላው፣ ሂፍ-1 አየር ባገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዲሾቹን ወዲያው የምታቀዘቅዙበትን በረዶ አጠገባችሁ አዘጋጁ። ለ6 ሰዓት የሚቆየውንና ለ24 ሰዓት የሚቆየውን ዲሽ አንድ ላይ አታስገቡ፤ አንዱን ለማውጣት ስትከፍቱ ሌላው አየር ያገኛል። አቅም ካላችሁ ሁለት ሳጥን ግዙ። እኛም ሁለተኛውን አዘናል።