መብራት ወይስ የጠዋት እግር ጉዞ?

እኛ ሐረር ላይ በታኅሣሥም ከ11 ሰዓት በላይ የቀን ብርሃን እናገኛለን። ስቶክሆልም በዚያው ወር 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን በስልክ «ደከመኝ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል» ሲሉ ስንፍና አይምሰላችሁ። የወቅት ድባቴ፣ ማለትም የቀን ብርሃን በሚያጥርበት ወቅት የሚመጣ የስሜት መጨፍገግ፣ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላቸዋል? አንዱ ለዚሁ የተሠራ መብራት ነው። ኃይሉ 10,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ነው፤ የሳሎን አምፖል ጥቂት መቶ ቢሰጥ ነው። ጠዋት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፊት ለፊቱ መቀመጥ ነው። አፍጥጦ ማየት አያስፈልግም፤ ቡና እየጠጡም ይሆናል። ዋጋው ግን ቆንጠጥ ያደርጋል። የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ያለበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ያማክር፤ ባይፖላር ላለበት ስሜትን ከልክ በላይ ሊያንረው ይችላል።

ሌላው ወጥቶ መራመድ ነው። ነፃ ነው፣ ሰውነትም ያፍታታል። ሰማዩ ቢደምን እንኳ ውጭው ከቤት ይበልጥ ይበራል። ግን ሳይነጋ ሥራ ገብቶ ሲመሽ የሚወጣ ሰው መቼ ይራመድ? ለእሱ እኔ መብራቱን እመርጣለሁ፤ የምሳ ሰዓቱን ለእግሩ ይተው። ለእኛ የክረምት ደመና ግን መብራት መግዛት ትርፍ ወጪ ነው፤ ጀጎልን ዞር ዞር ማለት ይሻላል። «ጫትስ?» የሚል አይጠፋም። እንቅልፍ የሚያዛባ ነገር ለድባቴ አይበጅም።