ቱርክ ሄዳችሁ ጨጓራ ልታስቆርጡ ያሰባችሁ፣ ቲኬት ሳትቆርጡ ይህን አንብቡ

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው "አንቺ ተሠርተሽ የለ? የአስተባባሪዋን ቁጥር ላኪልኝ" አለኝ። አልልክም። ለምን እንደማልልክ ልንገራችሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ኢስታንቡል ሄጄ ክብደት ለመቀነስ ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ቀዶ ጥገና ተሠራሁ። ኢንሹራንሴ አልሸፍንም ብሎኝ ነበር፣ እዚህ ከኪሴ ልክፈል ብል ደግሞ የመኪና ዋጋ ነው። ቲክቶክ ላይ በአማርኛ የምታስተባብር ልጅ አገኘሁ። ሆቴሉ፣ ከኤርፖርት መቀበያው፣ አስተርጓሚው፣ ኦፕራሲዮኑ ተጠቃሎ 3,500 ዶላር አለችኝ። ሰኞ ገባሁ፣ ማክሰኞ ተሠራሁ፣ እሑድ ቤቴ ነበርኩ። በዓመቱ 38 ኪሎ ቀነስኩ። ሰው ሁሉ ምን አድርገሽ ነው እያለ ይጠይቀኝ ነበር፣ እኔም ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ፣ ለዚህ ነው አሁን ዝም ማለት የከበደኝ።

ከዚያ ቃሩ መጣ። ቃር ስል ሽሮ ስትበሉ ትንሽ የምታቃጥለዋን አይደለም። ሌሊት እንቅልፍ ላይ እያለሁ አሲዱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ አፍኖኝ እነቃለሁ። ሦስት ትራስ ደርድሬ እንደተቀመጥኩ አድራለሁ። ኦሜፕራዞል የሚባለውን የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት በቀን ሁለቴ እየዋጥኩ እንኳ አልቆመልኝም። በመጨረሻ እዚህ ያለ ሐኪም በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ ሲያየኝ የምግብ ቧንቧዬ ቆስሏል፣ የጨጓራዬም ጫፍ ወደ ደረቴ ሾልኳል፣ ሂያታል ሄርኒያ የሚሉት። "ከመሠራትሽ በፊት በካሜራ አይተውሽ ነበር?" አለኝ። ማንም አላየኝም። ደም ወሰዱ፣ ልቤን ለኩ፣ አስፈረሙኝ፣ በቃ።

ስሊቭ ማለት ከጨጓራችሁ 75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ መጣል ነው። የሚቀረው እንደ ሙዝ ያለ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ውስጡ ግፊት ይበዛል፣ ግፊቱም አሲዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀድሞ ቃር የነበረበት ሰው ሊብስበት ይችላል፣ ያልነበረበትም ሊጀምረው ይችላል። የተጣለው ጨጓራ ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ብዙ ጊዜ የሚቀረው መንገድ ወደ ባይፓስ መቀየር ነው፣ ጨጓራውን አሳንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር መቀጠል፣ ማለትም ሁለተኛ ኦፕራሲዮን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሰርጀኑ የሚገባው ጠባሳ ውስጥ፣ ሌላ ሰው የሰፋው ላይ ነው፣ ስለዚህ ስፌቱ የማፍሰስና የመድማት አደጋው ከፍ ይላል።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ከኛ ሰው ስንቱ ነው "ጨጓራ አለብኝ" የማይለው? ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ አገራችን በጣም የተለመደ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሞላሁት ፎርም ላይ ቃር አለብሽ ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። ልጅቷን ብጠይቃት "የለም በይ ውዴ፣ አለ ካልሽ ያዘገዩሻል" አለችኝ። የለም ብዬ ሞላሁ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፣ እናንተ አትድገሙት።

ቱርክ ጎበዝ ሐኪም የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ። በደንብ የተሠራ ሰውም አንዳንዴ ድጋሚ ይሠራል። ክብደት የሚመለሰው ሁልጊዜ በሆዳምነት አይደለም፣ ሰውነት የቀነሰውን ለማስመለስ ይታገላል፣ የቀረው ጨጓራም እያደር ሊሰፋ ይችላል። አንዳንዱ ቱቦው መሃል ላይ ይጠብና ይታነቃል፣ ሲያስመልሰው ይውላል። ድሮ ጨጓራን የሚያጠብ ቀለበት ያስገቡ ብዙዎችም ቀለበቱ ስለተንሸራተተ ወይም ጨጓራውን እየበላ ስለገባ አስወጥተውታል። ባይፓስ የተሠራ ሰው ሲጋራ ካጨሰ ወይም አይቡፕሮፌን ካዘወተረ የተቀጠለበት ቦታ ሊቆስል ይችላል።

እኔን ያቃጠለኝ ፓኬጁ ነው። ቃር ያለበትም የሌለበትም ያንኑ ስሊቭ ነው የሚሠራው፣ ምክንያቱም ዋጋው የተቆረጠው ለእሱ ነው። ቢላ የለውም እየተባለ የሚሸጠውም ርካሽ ነገር አያታልላችሁ። በ2023 ቱርክ ውስጥ ለክብደት ብለው ጨጓራቸው ላይ ቦቶክስ የተወጉ በርካታ ሰዎች ቦቱሊዝም በሚባል መመረዝ ታመዋል፣ ከጀርመን ድረስ የሄዱ ነበሩበት።

ገንዘቡን ስከፍል ልጅቷ በደቂቃ ትመልስልኝ ነበር። ሐኪሜ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት አምጪ ሲለኝ ግን ሁለት ወር ለመንኳት። የመጣው በቱርክኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው፣ ቱቦው ምን ያህል እንደጠበበ እንኳ የለበትም። እዚህ ደግሞ ሌላ ሰው የሠራውን ለመንካት ብዙ ሰርጀን አይደፍርም። ኢንሹራንሱንም አንብቡት፣ የክብደት ኦፕራሲዮን በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሸፍን ውል አለ።

እንግዲህ መሄዳችሁ ካልቀረ መጀመሪያ ባላችሁበት አገር ኢንዶስኮፒ ተነሡ። ባክቴሪያው ካለ ታከሙት። ቃር ካለባችሁ "ለኔ ባይፓስ አይሻልም ወይ?" ብላችሁ አስተባባሪዋን ሳይሆን ሰርጀኑን ራሱን ጠይቁ። ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ሳትይዙ ከሆስፒታሉ አትውጡ። ስትመለሱ ማን እንደሚከታተላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት እወቁ፣ ቫይታሚንና የደም ምርመራው ዕድሜ ልክ ነውና። የምትጾሙ ደግሞ ልብ በሉ፣ የጾም ምግብ ቫይታሚን ቢ12 የለውም፣ ጨጓራው ከተቆረጠ በኋላ እጥረቱ ይፈጥናል፣ እጅና እግር እስከማደንዘዝ ይደርሳል።

የኔ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን የሚቀጥለው ወር ነው። እናንተ ግን ተሠርታችሁ በመጣችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም የግራ ትከሻ ሕመም ከተሰማችሁ ስፌቱ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ለአስተባባሪዋ ጽፋችሁ መልስ አትጠብቁ። ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ጨጓራዬን ተሠርቻለሁ በሏቸው።