«ሙሉ ሴቲንግ ከነሴኪዩሪቲው» ለሚሏችሁ ሱቆች ብር እንዳትከፍሉ

ሕንጻ ስር ያሉትን የራውተር ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ዕቃውን ከሸጡ በኋላ «ሙሉ ሴቲንግ ከነሴኪዩሪቲው» ይላሉ፤ ልጁ ላፕቶፑን ይሰካል፣ ትንሽ ይነካካል፣ የዋይፋዩን ስም ይቀይርና «በቃ፣ ከእንግዲህ ማንም አይገባም» ብሎ ይነሳል። ዛሬ ለቢሮአችን የተሠራውም ይኸው ነው፤ 3,500 ብር፣ ያለ ደረሰኝ።

ከተከፈለ በኋላ የአድሚን ፓስወርዱን (ወደ ራውተሩ ሴቲንግ መግቢያውን) ልጁን ጠየቅነው። «ምን ያደርግላችኋል? ነካክታችሁ ልታበላሹት?» አለ። ሲደገምበት ስልኩን አወጣ። ዋይፋዩን አጠፋ፣ ዳታ አበራ፣ ብሮውዘሩ ላይ ካስቀመጣቸው አድራሻዎች አንዱን ነካ፤ በ http የሚጀምር፣ በ 8080 የሚያልቅ። የእኛው ራውተር ገጽ ፊታችን ተከፈተ። «አያችሁ? ቤቴ ተኝቼ አስተካክልላችኋለሁ!» ከእኛ በላይና በታች የሌሎች ደንበኞች ስም ተደርድሯል፦ ክሊኒክ፣ የሒሳብ ቢሮ፣ «የእትዬ እንትና ቤት»። እንድናምነው ብሎ ክሊኒኩንም ከፈተው። ለእኛ ባስገባው በዚያው ፓስወርድ ገባ። እየኮራ ነው ያሳየን!

እንግዲህ ሴኪዩሪቲ ብሎ የሸጠልን ይኼንን ነው፤ ቁልፍ ሠሪ በር ቀይሮ ትርፉን ቁልፍ ኪሱ እንደመክተት። ሪሞት ማኔጅመንት፣ ማለትም የራውተሩን ሴቲንግ ከውጭ በኢንተርኔት መክፈት፣ በአብዛኞቹ ራውተሮች ላይ ከፋብሪካው ሲወጣ ዝግ ነው። እሱ ነው የከፈተው። በ http ስለሚገባ ፓስወርዱ ሳይመሰጠር ያልፋል፤ ቋሚ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ባለው መስመር ላይ ደግሞ ገጹ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። 8080፣ 7547 እና 23 ሰርጎ ገቦች ያለማቋረጥ የሚያስሷቸው ፖርቶች (የመግቢያ በር ቁጥሮች) ናቸው። ሚራይ የተባለው ቫይረስ በ2016 እ.ኤ.አ. ካሜራና ራውተር የሰበሰበው ያልተቀየሩ የፋብሪካ ፓስወርዶችን እየሞከረ ነው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የጀርመን ዶይቸ ቴሌኮም 900,000 ገደማ ደንበኞች መስመር የተናጋው በ 7547 በኩል በመጣ ጥቃት ነው።

«ሠራሁ» ያለውስ? የዋይፋዩን ስም ደበቀ። የተደበቀ ስም ስልኩ ሊገናኝ ሲል ራሱ ይጠራዋል፤ ነጻ ፕሮግራም ይለቅመዋል። የማክ ፊልተር (በዕቃው መለያ ቁጥር፣ በማክ አድራሻ፣ የሚለይ ማጣሪያ) አበራ። የማክ አድራሻ ሳይመሰጠር በአየር ላይ ስለሚሄድ አይቶ መቅዳት ቀላል ነው። ዋናውን፣ ደብሊውፒኤስን (ያለ ዋይፋይ ፓስወርድ በፒን ወይም በአንድ ቁልፍ የሚያገናኘውን)፣ እንደበራ ተወው። ፒኑ 8 አሃዝ ነው ቢባልም የመጨረሻው ማረጋገጫ ብቻ ነው፤ ራውተሩም የመጀመሪያውን 4 እና ቀሪውን 3 ለየብቻ ስለሚያረጋግጥ መቶ ሚሊዮን የሚመስለው ሙከራ 11,000 ላይ ያበቃል። ይኼ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ዋይፋዩ ላይ ሃያ ፊደል ፓስወርድ ብታደርጉ እንኳ ፒኑን ያገኘ ሰው ፓስወርዱን ራውተሩ ራሱ ይሰጠዋል።

ሪሴት አድርገን ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ እንመልሰዋለን ስንል ካሸር ላይ ያለችው ሳቀች። «ኢንተርኔቱ ይጠፋባችኋል፣ ድጋሚ ማስተካከያ 1,500 ነው። አሁን ደግሞ ሁሉም ኢንጂነር ሆኗል።» መጥፋቱ እውነት ነው፤ ሪሴት የፒፒፒኦኢ (ራውተሩ ወደ ቴሌ መስመር የሚገባበትን) ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይሰርዛል። ልጁም እነሱን ላፕቶፑ ላይ አስቀርቶ ለእኛ አልሰጠንም። ደንበኛው ለዘላለም ተመላሽ የሚሆነው በዚህ ዘዴ ነው።

እዚያ ያሠራችሁ፣ ሪሴቱን ከመንካታችሁ በፊት የውሉ ባለቤት ዩዘርኔምና ፓስወርዱን ከኢትዮ ቴሌኮም ይጠይቅ (994 ወይም አገልግሎት ማዕከል)። መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ ቴሌ የሰቀለውን ሣጥን አትንኩት፤ ከኋላው ያለውን የራሳችሁን ራውተር ብቻ። የመስመሩን ገመድ ነቅላችሁ ሪሴቱን በመርፌ መብራቶቹ እስኪብለጨለጩ ያዙ፤ አብዛኛው 10 ሰከንድ ይበቃዋል። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም ከዕቃው ስር የተለጠፈውን አድራሻ ክፈቱና መጀመሪያ የአድሚን ፓስወርዱን ቀይሩ። ከዚያ ፒፒፒኦኢ፣ ኤምቲዩ (የአንድ ዳታ ጥቅል ትልቁ መጠን) 1492፤ የዋይፋዩ ሴኪዩሪቲ ደብሊውፒኤ3 ወይም ደብሊውፒኤ2 ከኤኢኤስ ጋር (ቲኪፕ የተባለው አሮጌና ደካማ ምስጠራ ያለበትን ቅልቅል ተዉት)፤ ደብሊውፒኤስ፣ ዩፒኤንፒ (ዕቃዎች ፖርት በራሳቸው እንዲከፍቱ የሚፈቅደው)፣ ሪሞት ማኔጅመንት ይጥፉ። ዲኤንኤሱም (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረው) ላይ የማታውቁት ቁጥር ካለ አጥፉት፤ የባንካችሁን ስም ብትጽፉ ሌላ ገጽ ሊያመጣላችሁ የሚችለው እሱ ነው።

ገመዱን መልሳችሁ ስትጨርሱ ከስልክ ዳታ ላይ የራውተሩን የውጭ አይፒ (ገጹ ላይ WAN ስር የሚታየውን) በፖርት 80 እና በ 8080 ሞክሩት፤ ምንም መከፈት የለበትም። አይፒው ከ 100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ የውጭ አይፒውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር ትጋራላችሁ ማለት ነው፤ ከውጭ ባይከፈት ሴቲንጉ ተስተካክሏል ማለት አይደለምና ገጹን ገብታችሁ እዩት። ልጁ በፍላሽ የሰጣችሁ የሴቲንግ ባክአፕ ካለም አትጫኑት፤ የከፈተውን ሁሉ ይዞ ይመለሳል።